ሰሌዳው ሲጠቁር

ኮዬ ፈጬ ጥግ ላይ፣ አስፋልት ካለቀበት፣
ትናንት ጤፍ የነበር፣ ዛሬ ብሎክ በቅሎበት፣
አራተኛ ፎቅ ላይ አለችን አንዲት ቤት፣
መጋረጃ ገምሶ ሁለት ያስመሰላት።
ደገፉ አውቶቡሱን ዐሥር ሰዓት ያስነሣል፤
ኖላዊት ጥርስ ታወጣለች፣ እንቅልፏ ይሳሳል፤
እኔ ከእግራቸው ሥር፣ በርጩማ ላይ ሆኜ፣
ያረጀ የሆስፒታል ካርድ ጉልበቴ ላይ ጭኜ፣
ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሰው አሻግራለሁ፤
ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ እለቅማለሁ።
መቶ ሰው ካለፈ የመቶ ሰው ይከፈለኛል፤
ፊደል የሳትኩበት ግን ከሒሳብ ይወጣብኛል።

ነጩ ስክሪን ደግሞ፣ በቀትር እንደሚያበራ አዲስ ቆርቆሮ፣
ዓይኔን ይመታዋል እንደ ጠጠር ተወርውሮ።
ሽፋሽፍቴ ሥር አሸዋ፣ ግንባሬ ላይ ችንካር፤
በለጠ «ሰለጠ» ይሆናል፣ ሰባት ከዘጠኝ ጋር
ይምታታል። አንዴማ ሰማንያ ሁለትን ሁለት ብዬ ጽፌ፣
አንድ አዛውንት ላክሁ፣ ከሚከተቡ ሕፃናት ጋር አሰልፌ።
ልጄ የነጋ መስሏት ትስቃለች ለብርሃኑ፤
ደገፉ ትራስ ይደፋል፣ ድፍን እስኪል ዓይኑ።
ፊት ለፊት ብሎክ ያሉት ወይዘሮ ዘርፈሽዋል
«ሌሊቱን ሙሉ ሲኒማ ታያለች» ብለው አውርተዋል።

ፉአድ ነው መላ ያለኝ፣ ምድር ቤት ስልክ የሚፈታ፤
«ዓይንሽ በርበሬ መስሏል» አለኝ፣ አንድ የሰኞ ማታ።
አንድ ቦታ ነካ፣ ሌላ ነካ፣ ሳቅ አለ፤
ነጩ ተጠቀለለ፣ ፊደል በጥቁር ላይ በቀለ።

የአራተኛ ክፍል ሰሌዳችን ያኔ ትዝ አለኝ፤
ለማጥቆር ተራው ሲደርስ መምህር አስቻለው የጠሩኝ።
ያለቀ የሬዲዮ ድንጋይ ሰብረን፣ ከሰሉን ወቅጠን፣
በቅጠል ጭማቂ ለውሰን፣ በአሮጌ ጨርቅ ቀብተን፣
ሲደርቅ፣ የጠመኔው ጽሑፍ ከኋላ ወንበር ይነበብ ነበር።
«ሰሌዳው ካልጠቆረ ጠመኔ ምን ይናገር?»
ይሉ ነበር። እኔ ግን ስንት ዓመት ሙሉ
ነጭ ላይ አፈጠጥኩ! ዓይኖቼ እየተቃጠሉ።

ሰባ ካርድ ላይ የሚደክመኝ መቶ ሃያ ገባሁ።
አልዋሽም፤ ቀን ቀን ፀሐይ ሲገባ ነጩን እመልሳለሁ፤
ጥቁሩ መስተዋት ሆኖ የራሴን ፊት ያሳየኛል፣
ያልተበጠረ ጠጉሬን ከበሽተኞቹ ጋር ይመዘግብብኛል።
ማታ ግን ሰላም ነው። ደገፉ አንዴ ባነነና አየው፤
«መብራት ሄደ እንዴ?» «የለም፣ ተኛ» አልኩት፤ እንቅልፍ መለሰው።
ወይዘሮ ዘርፈሽዋልም አዝነው መጡ፣ ድምፃቸውን ቀንሰው፦
«መስኮትሽ ጠቆረ... ከሥራ አስወጡሽ? እኔኮ ክፉ አልወድም ለሰው።»

ጋሽ ቱፋ ብቻ፣ ዘበኛችን፣ አንድ ጠዋት እያነከሱ
ደረጃው ሥር ጠበቁኝ፤ ቀስ ብለው ጉዳዩን አነሡ።
«ያ መስኮትሽ ፋኖሴ ነበር፣ ልጄ፤ በሱ ነው የምዞር፤
ክዳን የሌለውን ጉድጓድ በሱ ነበር የምሻገር።
ትናንት እግሬ ገባ። ጅቡም ከእርሻው ዳር ይስቃል።»
«ባትሪ አልተሰጠዎትም?» «ተሰጥቶኝ ነበር፤ ተሰርቋል»
አሉና፣ ዘበኛ ሲሰረቅ! ራሳቸው ሳቁ፤
ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ በጨርቅ ተጠምጥሟል፣ ደርቋል ጭቃው ከጫማቸው ጫፍ እስከ ካቦርታቸው ወገብ።

አሁን ሌሊት ዘጠኝ ላይ፣ ዱላቸው ሲያንኳኳ ከሩቅ፣
ካርዴን አቆማለሁ፤ ከወንበሬ ሳልርቅ
ባዶ ገጽ እከፍታለሁ፣ ምንም ያልተጻፈበት፣
ያን የምጠላውን ነጭ፣ ዓይኔ የለፋበት፤
ስክሪኑን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ፣ ጀርባውን ለልጄ።
ጉድጓዱን እስኪያልፉ እጠብቃለሁ፣ ሥራ ፈቶ እጄ።
ሁለቴ አጥሩን ይመታሉ፣ «አለፍኩ» ማለታቸው ነው።

መልሼ አጠቁረዋለሁ።
ስም፦ ፈይሳ።
የአባት ስም፦ ቱሉ።
ዕድሜ፦ ያልታወቀ።
ቀጣይ።